ሁለት መቶ አሥራ አራት ነጥብ

«የፓርኩን መስመር ትንሽ ወደ ምዕራብ ገፋ ብታደርጊያት ምን አለበት?» አለ ኒክሻ።

ፔሪና የጀልባዋን ሁለተኛ ገመድ ምሰሶው ላይ እየጠመጠመች ነበር። ቀና ብላም አላየችው። ከሌሊት ጀምሮ ዩጎ ይነፍሳል። ይህ የደቡብ ነፋስ ሲነሳ ባሕሩ ያብጣል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ ሰውም ያለ ምክንያት ይነጫነጫል። ድሮ በእኛ አገር ዩጎ ሲነፍስ ዳኛ አይፈርድም፣ ምክር ቤትም አይሰበሰብም ነበር ይባላል። የዛሬዎቹ ግን ምን ገዷቸው! የፓርኩ መሥሪያ ቤት የመጨረሻውን ስብሰባ የጠራው ለዛሬ አራት ሰዓት ነው።

«ምዕራቡ ላይ ምን አለህ?» አለችው።

«ምንም የለኝም።»

«ታዲያ ለምን ልግፋት?»

«እንዲሁ ነዋ። ካርታው ላይ ሳያት ለዓይን አታምርም።»

ፔሪና ገመዱን አጥብቃ አሰረችና ቆመች። ኒክሻ የአክስቷ ልጅ ነው። አብረው ስላደጉ ሲዋሽ ጆሮውን እንደሚያሻሽ ታውቃለች፤ አሁንም እያሻሸ ነበር። ለምን እንደፈለገው ብትጠይቀው፣ ብትለማመጠው፣ በመጨረሻም ብትሰድበው አንድ ቃል አልወጣውም። «ተወካያችን አንቺ ነሽ፣ እንግዲህ ተናገሪልን» ብሎ እጁን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ተወካይ የሚለውን ቃል ስትሰማ ጨጓራዋ ይላጣል። ከሦስት ዓመት በፊት ደሴቷ ዙሪያ ያለው ባሕር ጥብቅ ፓርክ ይሁን ሲባል ሃያ ሁለቱ ዓሣ አጥማጆች አንድ ሰው እንዲወክሉ ተጠየቁ። እጁን ያወጣ አልነበረም። እሷም አላወጣችም፤ ግን የዚያን ቀን የመጣችው ዘግይታ ስለነበር ቆማ ተገኘች፣ የቆመውን መረጡ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ስብሰባ ተቀምጣለች። «ባለድርሻ አካላት» እያሉ ይጠሯቸዋል። ጭማቂና ብስኩት ያቀርቡላቸዋል። በየስብሰባው መጨረሻ ዛሬ ምን ተሰማችሁ የሚል ወረቀት ያስሞሏቸዋል። ፔሪና መጀመሪያ ላይ ትሞላው ነበር።

ዛሬ ግን ቀልድ የለም። ዛሬ የሚፈረመው ቃለ ጉባኤ ላይ ያለችው ቀይ መስመር ውስጥ የገባ ባሕር ለአሥር ዓመት ይዘጋል፤ መረብም ሆነ መንጠቆ ጭራሽ አይጣልበትም። የፔሪና ቦታ ደግሞ መስመሯ ውስጥ ነው፣ ልክ መሃሏ ላይ። ክረምቱን ሙሉ እሷና አባቷ የሚኖሩበትን ዓሣ የምታወጣው ከዚያ ነው። ሌላ ቦታ የላትም፤ ለቱሪስት የምታከራየው ክፍልም የላትም። ያ ከተዘጋ ጀልባዋን ሸጣ ወደ ዋናው ምድር ተሻግራ የሆቴል አልጋ ማንጠፍ ነው።

ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ቦታዋን ማን ያውቃል? አባቷና እሷ፣ በቃ።

ዳቦ ቤት ስትገባ ሌላው ዓሣ አጥማጅ ሎቭሬ አገኛት። ዳቦውን በብብቱ እንደያዘ ወደ ጥግ ጎተታትና መስመሯ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ብትሸሽ ጥሩ እንደሆነ ነገራት። ለምን ስትለው ሚስቱ እንደዚያ እንደምታስብ ነገራት። የሎቭሬ ሚስት ባሕር ላይ ከወጣች አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጀልባ ያጥወለውላታል።

ሦስተኛው ባርባ ፍራኔ ነበሩ። በእኛ ዘንድ ባርባ የሚባለው ባሕር ላይ ያረጀ፣ የሚከበር ሰው ነው። ባርባ ፍራኔ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ሲሆን ከፔሪና አባት ጋር አርባ ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ከሰላምታ በቀር አይነጋገሩም። አሮጌው ሲኒማ ቤት በር ላይ፣ ስብሰባው ሊጀመር ሲል፣ ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«ያቺን መስመር ወደ ሰሜን ከፍ አድርጊያት» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው።

«ለምን ባርባ?»

«ለወጣቶቹ ብዬ ነው።»

«የትኞቹ ወጣቶች?»

እውነትም የትኞቹ? ከመካከላችን ትንሹ ኒክሻ ነው፤ እሱም አርባ ሊሞላው ነው። ባርባ ፍራኔ ግን መልስ ሳይሰጧት ገብተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ።

ፔሪና በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አንዱ ወደ ምዕራብ፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ሰሜን፤ ሁሉም ሰበብ አላቸው፣ ማንም ለራሱ ብሎ አልጠየቀም። መጀመሪያ ነፋሱ ያሳበዳቸው መሰላት። ቀጥሎ ነገሩ ገባትና ደም ስሯ ተገታተረ። ወይ ጉድ! እነሱም እንደኔ ዋሽተዋል ማለት ነው፣ አለች በሆዷ። ሁላችንም ዋሽተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ሲኒማ ቤት፣ የፓርኩ የባሕር ሕይወት ባለሙያ ዶክተር ሊዲያ ትልቅ ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ለያንዳንዱ ዓሣ አጥማጅ አሥር አሥር ሰማያዊ ተለጣፊ ነጥብ አደለች። የምታጠምዱበት ቦታ ላይ ለጥፉ፣ አለች፤ የሚዘጋውን ቦታ ስንመርጥ ነጥብ ካለበት እንርቃለን። ማንም እንዳይፈራ ነጥቦቹ ስም የላቸውም። ይህን ስትል ደስ ብሏት ነበር። ልጅቷ ክፋት የለባትም፤ ከዋናው ምድር ስለመጣች እንጂ።

በእኛ ደሴት ሰው ዓሣ የሚያጠምድበትን ቦታ ከሚያሳይህ የባንክ ደብተሩን ቢያሳይህ ይቀለዋል። ቦታ ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ አቅጣጫ መጠቆሚያ መሣሪያም ላይ አይመዘገብም፣ መሣሪያ ይሰረቃላ። ቦታ በምልክት ነው የሚያዝ። ከባሕር ሆነህ ወደ ምድር ታያለህ፦ ይህ አለት ያንን ቤት ሲሸፍነው አንድ ምልክት፣ ያ ጣሪያ ከዚያ ዛፍ ሥር ሲገባ ሁለተኛ ምልክት። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲገጥሙ ከሥርህ ቦታው አለ። አባት ለልጁ የሚነግረው ታሞ ሲተኛ ነው፤ አንዳንዱም ሳይናገር ይሞታል። የፔሪና አባት የነገራት ከስድስት ዓመት በፊት፣ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሊገባ ሲል፣ አስምሎ ነው።

እንግዲህ ያን ቀን ሃያ ሁለት ሰው አንድ በአንድ ወደ ካርታው ተነሳ። ፈተና እንደሚሠራ ተማሪ በክርን እየሸፈኑ ለጠፉ። የት? ፒያስካ ወሽመጥ ውስጥ። ፒያስካ አሸዋ ብቻ ነው፤ በጋ የቱሪስት ጀልባ መልሕቅ ይጥልበታል፣ ዓሣ የሚባል አይተንበት አናውቅም። ሁሉም ብልጡ እኔ ነኝ ብሎ ነው የለጠፈው። ፔሪናም አሥሩንም እዚያው ለጠፈች። ሲጨርሱ ፒያስካ ኩፍኝ የወጣበት መስሎ ነበር፤ ግን ማንም አልሳቀም፣ ቢስቅ ይነቃበታላ። ሊዲያ ቆጠረችው፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ስድስት ነጥብ ጎደለ። ማን በኪሱ እንደከተተው ሳይታወቅ ቀረ።

ይኸው ዛሬ ውጤቱ በፕሮጀክተር ብርሃን ግድግዳው ላይ በራ። ፒያስካ ለዓሣ አጥማጆች ክፍት፣ ከነአሸዋው። አንድም ነጥብ ያልነበረበት የደቡቡ ድንጋያማ ባሕር በሙሉ በቀይ መስመር ውስጥ። ከዋና ከተማ የመጣው ባለሥልጣን ለአንድ ሰዓት ያህል አወራ። ይህ ካርታ ከላይ የወረደ አይደለም፣ የእናንተው ነው፣ ባለድርሻ አካላት በእጃችሁ የሠራችሁት ነው፣ አለ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ባለቤት አጨበጨበ። ባለሥልጣኑ ደቡባዊው ወሰን ከመብራት ቤቱ ስድስት ማይል ላይ ነው ሲል፣ ባርባ ፍራኔ ከኋላ ሆነው፣

«አምስት ከሩብ» አሉ።

ሰውየው ወረቀቱን አየና አዎ፣ አምስት ከሩብ፣ ይቅርታ፣ አለ። ባርባ ፍራኔ እንደዚህ ናቸው። ምድር ቢገለበጥ ዝም ይላሉ፤ የተሳሳተ ርቀት ወይም የተሳሳተ ምልክት ሲነገር ግን ዝም ብለው አያሳልፉም፣ ያሳክካቸዋል።

የፔሪና ተራ ደረሰ። ተነስታ መስመሯ እንደገና እንድትታይ ዓሣ አጥማጆቹ ይጠይቃሉ፣ አለች። የትኛው ክፍል? ሲሏት የደቡቡ። ወደየት ትሂድ? ሲሏት ምዕራብ፣ ምሥራቅና ሰሜን። አዳራሹ ውስጥ ያሉት የቱሪዝም ቢሮ ሰዎች ሳቁ። የእኛዎቹ ጫማቸውን ያያሉ። ፔሪና ቆሽቷ አረረ። ሦስቱም ከፊቷ ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም።

ሊዲያ አልሳቀችም። ወደ እሷ ቀረብ ብላ፣ ማይክራፎኑን በእጇ ሸፍና፣

«ፔሪና፣ ምክንያት ስጪኝ» አለቻት። «ሚኒስቴሩ መጀመሪያ የፈለገው ፒያስካን መዝጋት ነበር፤ ለቁጥጥር ይቀላል ብለው። ሽንጤን ገትሬ የተከራከርኩት እነዚህን ነጥቦች ይዤ ነው። አሁን ሰው ስላኮረፈ ብቻ መስመር ላንቀሳቅስ አልችልም። ደቡቡ ላይ የሚያጠምድ አለ?»

ፔሪና ወደ ሃያ አንዱ ዞረች።

«ልጠይቃቸው» አለች።

ጠየቀቻቸው። ደቡቡ ላይ የምታጠምዱ ካላችሁ አሁን ተናገሩ፣ አለች። ሃያ አንድ ሰው ጭጭ አለ። ኒክሻ ጆሮውን አሻሸ። ሎቭሬ ስልኩን አወጣ። ባለሥልጣኑ ሰዓቱን አይቶ፣ እንግዲያው ምሳ እንብላና ስምንት ሰዓት ላይ እንፈርማለን፣ አለ፤ ነፋሱ ስለበረታ ዘጠኝ ተኩል ላይ ከምትነሳው መርከብ ሌላ ዛሬ መርከብ የለም።

ፔሪና ቤቷ እስክትደርስ ዳገቱን ለብቻዋ እያወራች ወጣች። በማን እንደተናደደች ራሷም አልለየችም። በነዚህ አፋቸውን በጨርቅ የጠቀጠቁ በሚመስሉ ሰዎች? በሊዲያ ነጥብ? ወይስ በራሷ፣ እሷም ከነሱ እኩል ዋሽታ ሳለ ዛሬ ለመናደድ በበቃችው?

አባቷ ባርቱል መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ወደቡን ያያል። እግሩ ከከዳው ወዲህ ሥራው ይኼ ነው፤ ማን መቼ ወጣ፣ ማን መቼ ገባ። ትናንት የተረፈውን ቆስጣና ድንች አሙቃ፣ ጨው የገባበት ሰርዲን ጨምራ አቀረበችለት። እየበላ የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

«ልናገር ነው አባዬ» አለችው መጨረሻ ላይ።

ባርቱል ሹካውን አስቀመጠ።

«ምኑን?»

«ቦታውን። ካልተናገርኩ ዛሬ ይዘጋል።»

«ከተናገርሽስ? ነገ ጠዋት ሃያ አንድ ጀልባ ላዩ ላይ ተሰልፎ ታገኚዋለሽ። አባቴ ለእናቴ እንኳን አልነገራትም፤ ስንት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተው!»

ከተዘጋም እኮ የማንም አይሆንም፣ ብትለው አልሰማም። ፊቱ ቀላ። ሰዉን አንድ በአንድ ይራገም ገባ፦ ኒክሻ ሰነፍ ነው፣ ሎቭሬ የሚስቱ ሎሌ ነው፣ ፍራኔ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው።

«ያ ዓይን አውጣ!» አለ። «ምስጢረኛ ነኝ ብሎ ይኮራል። ቦታውን የማላውቅበት ይመስለዋል። የደወሉ ማማ ከፍየል በረቱ በላይ ብቅ ሲል፣ ሠላሳ ስምንት ሜትር ጥልቀት። ሃ!»

ፔሪና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከአሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ክረምት ጀምሮ። ጉም ነበር፣ ገለጥ ሲል መረቡን ሲያወጣ ደረስኩበት። አላየኝም።»

«ሄደህበታል?»

«እኔ? የሰው ቦታ? ምን ሰው አደረግሽኝ!» ተቆጣ። እውነቱን ነበር፤ ባርቱል የማንም ቦታ ላይ መረብ ጥሎ አያውቅም።

«እሱስ የኛን ያውቃል?»

«አያውቅም!» አለ ባርቱል። በጣም ቶሎ አለ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ እሷም የጀርባውን ሹራብ አየች። ወደ እሷ ሳይዞር ተናገረ።

«ከተናገርሽ የጀልባዋን ቁልፍ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። በስሜ ናት።»

ፔሪና ሳህኑን አጠበች፣ አደረቀች፣ ቦታው መለሰች። ይህ ሰው እኮ ባሕሩን ያስተማራት ነው፤ እሷ ሴት ናት ጀልባ ላይ አትወጣም ሲሉት ሰው ሁሉ ፊት ባሕር ላይ ይዟት የወጣ ነው። ከጃኬቷ ኪስ ቁልፉን አወጣችና ከሳህኑ ጎን፣ ዳቦው ላይ እንዳይሆን ጠንቅቃ፣ አስቀመጠችው።

«ስመለስ እንነጋገራለን አባዬ» አለች። በሩን ዘግታ ወጣች።

ስምንት ሰዓት ላይ ቃለ ጉባኤው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጠበቃት። ባለሥልጣኑ እስክሪብቶውን ክዳኑን ከፍቶ ይዞላታል። ከፊርማው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የምትሉት ካለ፣ አለ፣ መቼም የለም በሚል ድምፅ።

«አለኝ» አለች ፔሪና።

ወደ ካርታው ሄደች። የብርሃኑ ካርታ ጎን አሮጌው የወረቀት ካርታ አሁንም ተሰቅሏል፣ ከነነጥቦቹ። ሊዲያን አንድ ሰማያዊ ነጥብ ስጪኝ አለቻት። ሊዲያ አልያዘችም፤ ያ ምዕራፍ ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አለች። ፔሪና ሊስቃት ነበር። ለሦስት ዓመት በተለጣፊ ሲያንበሸብሿት ኖረው ዛሬ አንድ ስትፈልግ የለም።

«እንግዲያው ጣቴ ይበቃል» አለች። «ሁላችሁም ስሙኝ፣ አልደግመውም። እነዚህ ፒያስካ ላይ ያሉት አሥሩ፣ ይኸው በተርታ የተደረደሩት፣ የኔ ናቸው። ውሸት ናቸው። ፒያስካ ላይ መረብ ጥዬ አላውቅም።»

ሊዲያ ከወንበሯ ተነሳች። ነፋሱ የሲኒማ ቤቱን አሮጌ በር ያንገጫግጫል። ፔሪና ጣቷን ከፒያስካ አንስታ ደቡቡ ላይ አሳረፈች።

«የኔና የአባቴ ቦታ እዚህ ነው። አንደኛው ምልክት፣ የቅዱስ እንድርያስ ጸሎት ቤት ከጥቁሩ አለት ጀርባ ልክ ሲሸሸግ።»

እዚህ ላይ ቆም አለች። ወደ ኋላ ወንበር አየች። ባርባ ፍራኔ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ወለሉን ያያሉ። የምታደርገውን አውቃ ነው ያደረገችው።

«ሁለተኛው» አለች፣ «የውኃ ማጠራቀሚያው ነጭ ጣሪያ ከሦስቱ ጥዶች ከግራኛው ሥር ሲገባ።»

የባርባ ፍራኔ ከዘራ ወለሉን ቆረቆረ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። አንገታቸው ቀላ። ሽማግሌው ከራሳቸው ጋር ሲታገሉ አዳራሹ በሙሉ ያያቸዋል።

«ከመካከለኛው» አሉ በመጨረሻ። «ከመካከለኛው ጥድ ሥር። በግራኛው ከሄድሽ አለቱ መረብሽን ይበላዋል፣ ሴትዮ!»

ከዚያ ኒክሻ ፈነዳ፤ ሳቁን ሊይዘው ሞከረና በአፍንጫው አመለጠው። ሎቭሬ ተከተለ። ከኋላ አንዱ ጭራሽ እንባው ፈሰሰ። ለመሆኑ ማን ነበር የማያውቅ? አርባ ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ መብራት አጥፍተን ደሴቷን ስንዞር፣ ሰው እንዳያየን ተቃራኒ አቅጣጫ ወጥተን በሌላ ስንመለስ፣ ነዳጅ ስንጨርስ የኖርነው፣ ሁሉም የሚያውቀውን ከሁሉም ለመደበቅ ነበር። ፔሪና ግን አልሳቀችም። አንጀቷ አሮ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ባርባ?»

«አባትሽ ሳያገባ ጀምሮ» አሉ። ድምፃቸው ወረደ። «መረብ ጥዬበት ግን አላውቅም። ንገሪው።»

ባርባ ፍራኔ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና ወደ ካርታው መጡ። ከጃኬታቸው የውስጥ ኪስ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ አወጡ፤ ከመታወቂያቸውና ከሟች ሚስታቸው ፎቶ መካከል የታጠፈ ወረቀት ሳቡ። ስድስት ሰማያዊ ነጥብ ነበረበት።

«አራት ለጠፍኩ» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «ከዚያ በላይ የተሳሳተ ቦታ መለጠፍ አቃተኝ።»

ሊዲያ ቁጭ አለች። ሳቅ የለባትም። ሁለት ዓመት፣ አለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ካርታ ተሰደብኩ፣ በዚህ ካርታ ተሟገትኩ። አይዞሽ የሚላት አልተገኘም፤ ምን ተብሎ ይባላል? ቆይታ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና ወደ ፔሪና ቀና አለች።

«ቢያንስ ግማሾቹ እውነተኛውን ከነገሩኝ እንደገና እሠራዋለሁ» አለች። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ የሆነ ቦታ መዘጋቱ አይቀርም። ያንቺም ሊሆን ይችላል።»

«ገብቶኛል።»

«ከተናገርሽ በኋላ ቢዘጋም?»

«ከተናገርኩ በኋላም።»

ባለሥልጣኑ መሃል ገባ። ይህ ሁሉ ደስ የሚል ተሳትፎ ነው፣ አለ፤ በአባሪ አስተያየት ተደርጎ ይያዛል፤ አሁን ግን መርከቧ አንድ ሰዓት ሳይሞላት ትነሳለች፣ ሰነዱ ዛሬ ካልተፈረመ ነገሩ ወደ ኋላ ሄዶ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይጀመራል። ፒያስካ ላይ ነጥብ አለ፣ ደቡቡ ላይ አንድም የለም፤ ሰነዱ የሚያውቀው ይህንን ነው። ለወደፊቱ ደግሞ ይሻሻላል። እስክሪብቶውን ዘረጋላት።

ሠላሳ አንድ ስብሰባ። ጭማቂ፣ ብስኩት፣ ምን ተሰማችሁ። እንደገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ መጀመር ማለት ሌላ ሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ መጨረሻውም አይታወቅም። ፔሪና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ብታለቅስ በወደደች። መስኮቱን አየች፤ ወደቡ ውስጥ ጀልባዋ በሁለት ገመድ ታስራ ትወዛወዛለች። ቁልፉ ከአባቷ ሳህን ጎን ነው።

እስክሪብቶውን ተቀበለች። ባለሥልጣኑ ቃለ ጉባኤውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው፣ የምትፈርምበትንም መስመር በጣቱ አሳያት።

እሷ ግን ከባርባ ፍራኔ ወረቀት አንዱን ነጥብ ላጠች። ወደ ወረቀቱ ካርታ ቀርባ፣ የጸሎት ቤቱንና የአለቱን፣ የጣሪያውንና የመካከለኛውን ጥድ አቅጣጫ በዓይኗ ለክታ ለጠፈችው። ከዚያ ፒያስካ ላይ ያሉትን አሥሩን አንድ በአንድ በጥፍሯ ላጠቻቸው። ሁለት ዓመት ስለቆዩ ጥብቅ ብለዋል፣ ጊዜ ወሰደባት። ባለሥልጣኑ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን ተናገረ። የመጨረሻዋ ስትላጥ የካርታው ወረቀት ትንሽ ተቀደደ።

ነጥቦቹ ስም የላቸውም ነበር፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ፔሪና በባለሥልጣኑ እስክሪብቶ ከአዲሱ ነጥብ ጎን፣ ከሩቅ እንዲነበብ በትልልቁ፣ «ባርቱልና ፔሪና» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ እስክሪብቶውን ለባርባ ፍራኔ ሰጠቻቸው።

«የደወሉ ማማ ከፍየል በረቱ በላይ» አለቻቸው ቀስ ብላ፣ እሳቸው ብቻ እንዲሰሙት።